በ37 ዓመቴ ሳይክል መማር (ልጄን ዋሽቼ የጀመርኩት)

ነገሩ የጀመረው በውሸት ነው። ልጄ መስከረም ላይ 8 ዓመት ሲሞላት አጎቷ ሳይክል ገዛላት፣ ሮዝ፣ ከፊቱ ቅርጫት ያለው፣ ከኋላ ግራና ቀኝ ትንንሽ ደጋፊ ጎማ የተገጠመለት። ሁለት ሳምንት ነዳችውና "እነዚን አውልቁልኝ፣ የህፃን ናቸው" አለች። አባቷ እየፈታላት እያለ ወደኔ ዞራ "እማዬ አንቺ ሳይክል ትችያለሽ አይደል?" ስትለኝ ምን እንደነካኝ እንጃ "አዎ፣ ድሮ በደንብ ነበር የምነዳው" ብያት ቁጭ። ባሌ ቀና ብሎ አየኝ፣ ምንም ሳይል ብሎኑን መፍታቱን ቀጠለ።

እኔ ሳይክል ላይ ተቀምጬ እንኳን አላውቅም። ያደግኩት ጌጃ ሰፈር ነው፣ ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ጎረምሳ ሳይክል ያከራይ ነበር፣ አንድ ዙር በስሙኒ። ካቴናው በየዙሩ ይወልቃል፣ ፍሬን ሚባል ነገር የለውም፣ ወንዶቹ በጫማቸው ሶል ነበር ሚያቆሙት። አንድ ቀን እኔም ስሙኒዬን ጨብጬ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሊደርስ ሁለት ልጅ ሲቀረው እናቴ ከበር ላይ ጠራችኝ። "ሴት ልጅ ሳይክል አትነዳም፣ ግቢ!" ለምን ስላት "አትነዳም ካልኩ አትነዳም"። ምክንያቱን ማንም በአፉ አይናገረውም፣ ስናድግ ግን ሁላችንም ገብቶናል። በስሙኒዋ ከረሜላ ገዛሁባት፣ አለቀ።

ልጄ በነጋታው "መቼ ነው አብረን ምንነዳው" ማለት ጀመረች። እዚ ጋ ስራዬ አዳነኝ። የሂሳብ ሰራተኛ ነኝ፣ ቢሮዬ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ ነው፣ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋና ደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች እስከ ጥቅምት 30 ሂሳባቸውን ማሳወቅ ስላለባቸው መስከረምና ጥቅምት ማለት ለኛ ሰው መሆን ሚቀርበት ወቅት ነው፣ ደንበኛው ሶስት ወር ሙሉ ጠፍቶ ይከርምና ጥቅምት 25 ላይ ደረሰኙን በፌስታል ሞልቶ ይመጣል። ስለዚህ "ጥቅምት 30 ይለፍ" አልኳት። አመነችኝ። ጥቅምት 30 አለፈ። ህዳር 1 ቀን ጠዋት ገና ፊቴን ሳልታጠብ "እማዬ ጥቅምት አለቀ" አለችኝ።

ጊዜ የለኝም ማለት ለኔ ሰላምታ ነው። ጂም እገባለሁ፣ ጊዜ የለኝም። ማስተርሴን እቀጥላለሁ፣ ጊዜ የለኝም። እስቲ እንግዲህ እንደ ሙያዬ ልስራው ብዬ አንድ ቀን የ24 ሰዓቴን ገቢና ወጪ በኤክሴል ሰራሁት (አትሳቁ)። 11 ሰዓት ተኩል መነሳት፣ ቁርስ፣ ምሳ እቃ፣ 1 ሰዓት ከ10 ላይ ሰርቪስ፣ ቢሮ፣ የቤት ስራ ማሰራት፣ እራት፣ ዕቃ ማጠብ፣ ሁሉንም አስገብቼ ሳወራርደው 50 ደቂቃ አልታረቅ አለኝ። ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተጋድሜ ቲክቶክ ነበር። ሰው ጎመን ሲከትፍ እያየሁ! እኔ ራሴ ቤት ያልተከተፈ ጎመን እያለ።

ስለዚህ ጊዜ አልነበረም ችግሩ። ችግሩ እፍረት ነው። በ37 ዓመት፣ የሁለት ልጆች እናት ሆኖ፣ ጎረቤት እያየ፣ ሳይክል ላይ መንገዳገድ። ቢሮ ስምንት ሰዓት ሙሉ የምችለውን ነገር ነው ምሰራው፣ ቤትም የምችለውን ነው ምሰራው፣ ምንም የማልችለው ነገር ፊት ከቆምኩ ስንት ዓመቴ መሰላችሁ። አዋቂ ሰው ሲጀምር መታየት አይፈልግም፣ ተምሮ ጨርሶ ብቅ ማለት ነው ሚፈልገው።

ከባሌ ጋር ተስማማን፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ምሳ እቃ የሱ። የመጀመሪያው ማክሰኞ ፍርፍሩን ክዳኑን ሳያጠብቅ ቋጥሮት የልጄ የሂሳብ ደብተር ቀይ ሆኖ ነው የተመለሰው። ምንም አላልኩም። የቢሯችንን የሰራተኛ ፈቃድ እኔ ስለምይዝ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁን በቃሌ ነው ማውቀው፣ 1156/2011 ለእናት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ ይሰጣል፣ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን። በ3 ቀን ምሳ እቃ መቋጠር አይለመድም፣ ይማራል ቀስ ብሎ፣ እኔም እየተማርኩ ነው።

ከአክስቴ ልጅ ትልቅ ሳይክል ተዋስኩና ሐሙስ 12 ሰዓት ላይ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየማችን ፓርኪንግ ወረድኩ። ብርዱ! ህዳር ውስጥ ጠዋት አዲስ አበባ እጅ ያደርቃል። ያ ሰዓት ሰው የለም ብዬ ነበር፣ ጥበቃው ጋሼ ግን አሉ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው። አንዴ ወጣሁ፣ ወረድኩ፣ አንዴ ግድግዳ ተደገፍኩ፣ ሶስት ጊዜ ፔዳሉ ቁርጭምጭሚቴን መታኝ። ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና "ልጄ፣ እንደሱ አይደለም" አሉኝ።

ለካ ባህር ዳር ነው ያደጉት። ባህር ዳርን ሚያውቅ ያውቃል፣ ሜዳ ነው፣ ሳይክል እንደ ጫማ ነው እዛ፣ ተማሪው አስተማሪው ሰራተኛው በሳይክል ነው። "በመጀመሪያ ፔዳሉን ፍቺው" አሉኝ። እንዴ፣ ያለ ፔዳል? ከአንዱ ሾፌር 15 ቁልፍ ለምነን መፍታት ጀመርን። የቀኙ ወዲያው ለቀቀ። የግራው እምቢ አለ፣ እኔ ልሞክር፣ እሳቸው ልሞክር፣ ሾፌሩ በእግሩ ረገጠው፣ ይባስ ጠበቀ። በኋላ ጋሼ ግንባራቸውን መቱ፣ የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፣ ሌላው ብሎን በሚጠብቅበት በኩል ነው ሚፈታው። ሩብ ሰዓታችንን የበላው እሱ ነው።

ከዛ ኮርቻውን ሁለቱም እግሬ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አደረጉልኝና በእግርሽ እየገፋሽ ሂጂ አሉኝ፣ ልክ ህፃናት በሚገፉት መኪና እንደሚጫወቱት። ሁለት እርምጃ ገፋ፣ እግር አንሳ፣ መውደቅ ሲመጣ አውርድ። መጀመሪያ አንድ ሰከንድ፣ ቀጥሎ ሶስት፣ አራት። ሁለት ነገር ነው እየደጋገሙ የነገሩኝ። አንደኛው "ጎማውን አትዪ፣ ጎማውን ካየሽ ጎማው ስር ነው ምትወድቂው፣ በሩን እዪ"። ሁለተኛውን ለመቀበል ሳምንት ፈጀብኝ፣ ወደ ግራ ልትወድቂ ስትይ መሪውን ወደ ግራ አዙሪው ይላሉ። ሰው እንዴት ወደሚወድቅበት ያዞራል? እጄ በራሱ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ እወድቃለሁ። አንድ ሐሙስ ደክሞኝ ማሰብ ሳቆም እጄ ልክ አደረገው፣ ሳይክሉ ከስሬ ገብቶ ቀጥ አለ። ጮህኩ። ጋሼ "ሰው ተኝቷል!" አሉ እየሳቁ።

ፔዳሉ ከተመለሰ በኋላ ነው መዓቱ የመጣው። ሶስተኛው ሳምንት ላይ ሰዓቴን ሳላይ ቀርቼ እየነዳሁ (እየነዳሁ!) ወደ በሩ ስመጣ የልጆቹ ሰርቪስ ገባ። ደነገጥኩ፣ ፍሬኑን ረሳሁት፣ አበባ የተተከለበት በርሚል ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ፣ ክርኔ፣ ሱሪዬ ከጉልበቱ ላይ ተተርትሯል፣ ሰርቪሱ መስኮት ላይ አስራ ምናምን ፊት ተለጥፏል። ልጄ ምሳ እቃዋን ይዛ ደረጃው ላይ ቆማለች።

"እማዬ፣ ድሮ በደንብ ነበር የምነዳው አላልሽም?"

"ዋሽቼሽ ነው።"

አየችኝ፣ ሰርቪሱን አየች፣ "እሺ ቻው" ብላ ገባች። ያን ቀን ደንበኛ ፊት ጉልበቴን እያሸሁ ዋልኩ፣ አለቃዬ ምን ሆነሽ ነው ሲለኝ ደረጃ ላይ ነው አልኩት (እንደገና ውሸት፣ አውቃለሁ)። ማታ ልጄ ከቦርሳዋ ድመት ያለበት ፕላስተር አውጥታ ጉልበቴ ላይ ለጠፈችልኝና "ነገ እኔ ነኝ ማስተምርሽ" አለች። ጋሼን ከስራ አፈናቀለቻቸው። ለነገሩ ከሳቸው ጥብቅ ናት፣ "ቀጥ በይ፣ ትከሻሽን አታጥብቂ"፣ አስተማሪዋን ነው ምትቀዳው።

ሰው ግን ይናገራል። ፎቅ ላይ ያሉ አንድ እናት ሊፍት ውስጥ "ልጆቹን ማን ይዞልሽ ነው?" አሉኝ። አባታቸው ስላቸው "ውይ ምስኪን" አሉ፣ ለሱ ነው። ባሌ ቅዳሜ ቅዳሜ ፕሪሚየር ሊግ ሊያይ ሲወጣ ልጆቹን ማን ያዘልህ ብሎ የጠየቀው ሰው እስካሁን የለም። በሳምንት ሁለት ቀን 50 ደቂቃ ነው'ኮ። እኔም ራሴ ቢሮ ሲጠይቁኝ "ለልጄ ብዬ ነው" እላለሁ፣ ለልጅ ከተባለ ሁሉም ይፈቀዳል። ልጄማ ከጀመርኩ ሳምንት ሳይሞላኝ ያለኔ መንዳት ችላለች፣ ከዛ በኋላ ያለው በሙሉ ለራሴ ነው።

አሁን እሁድ እሁድ በጠዋት እንወጣለን። በ2011 "መንገድ ለሰው" ሲጀመርና እሁድ መንገዱ ለመኪና ሲዘጋ ይቺን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ መስቀል አደባባይ ቆሜ ሚነዱትን ሴቶች እያየሁ ውዬ ነበር፣ ቅናቴን እስካሁን አስታውሰዋለሁ። ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መሀል ከተማ ላይ የሳይክል መንገድ ለብቻው ተለይቷል፣ እርግጥ ግማሹ ሰው ፎቶ ሚነሳበት ነው፣ ደወሌን እያቃጨልኩ "ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ ማቆም አልችልም!" እያልኩ ነው ማልፈው። ባለፈው እሁድ ሳይክላችንን እየገፋን በእግራችን ፒያሳ ወጣን፣ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ዳገት መንዳት ሳንባዬ ገና አልፈቀደም፣ ከዛ ከማዘጋጃ ቸርችልን ቁልቁል። ቴዎድሮስ አደባባይ መድፉ ጋ ስደርስ ፈርቼ ወረድኩ። ልጄ "እንደገና" አለችኝ። እንደገና ወጣሁ። ለገሀር አንበሳው ጋ ስንደርስ ጣቶቼ ከፍሬኑ አልላቀቅ አሉኝ፣ አንድ በአንድ ነው የነቀልኳቸው።

ማታ ልጄ በኔ ስልክ እናቴ ጋ ደወለች፣ ጀሞ ነው አሁን ምትኖረው። ስፒከር ላይ ነው። "እማማ፣ እማዬ ቸርችልን በሳይክል ወረደች!" ዝምታ። እኔ ኩሽና ውስጥ እጄ ሳሙና እንደሆነ ቆምኩ።

"ሱሪ ለብሳ ነው?"

"አዎ።"

እንደገና ዝምታ። "በያት፣ ቁልቁለት ላይ የፊቱን ፍሬን በአንዴ እንዳትይዘው፣ ያስገለብጣታል። የኋላውን ታስቀድም።"

ልጄ "እሺ" አለች። እኔ ስልኩን በሳሙና እጄ ተቀበልኳትና "እማ፣ ይሄን አንቺ ከየት አወቅሽው?" አልኳት።

"ካርድሽ ሊያልቅ ነው፣ ደህና እደሩ" ብላ ዘጋችው።