አር ላይ «አልተሰጠም» እና «አይታወቅም» ይለያያሉ

አር በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ፋንክሽን ስትጽፉ ተጠቃሚው ቢፈልግ የሚሰጠው፣ ባይፈልግ የሚተወው አርጊውመንት ይኖራል። ካልሰጠ ዲፎልቱ ምን ይሁን? ብዙ ሰው ኤንኤ ያደርገዋል። እባካችሁ ይሄን ተዉት።

ኤንኤ የዳታ ጉዳይ ነው። የአንድ ቀን ዝናብ ሳይለካ ከቀረ ቦታው ላይ ኤንኤ ይገባል፤ አልዘነበም ማለት ሳይሆን ምን ያህል እንደዘነበ አናውቅም ማለት ነው። ለዚህም ነው ኤንኤ ያለበትን ዓምድ አማካይ ስታሰሉ መልሱ ራሱ ኤንኤ የሚሆነው። ይሄንኑ ምልክት «ተጠቃሚው ምንም አላለም» ለማለት ከተጠቀማችሁበት፣ ሰውየው ሆን ብሎ ኤንኤ ሲያስገባ በምን ትለዩታላችሁ? በዚያ ላይ ኢፍ ውስጥ ኢዝ ኤንኤ (ኤንኤ ነው ወይ?) ብላችሁ ስትፈትሹ የመጣው ብዙ ቁጥር የያዘ ቬክተር ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል፤ ኢፍ ግን አንድ መልስ ብቻ ስለሚፈልግ ከአር 4.2.0 ጀምሮ ኤረር ነው።

ነል፣ ማለትም አር ላይ «ምንም የለም» የሚለው ምልክት፣ ይሻላል። ርዝመቱ 0 ነው፣ ኢዝ ነል ደግሞ ምንም ቢመጣለት አንድ መልስ ብቻ ነው የሚሰጠው።

ዋናው ጣጣ የሚመጣው አርጊውመንቱን ወደ ሌላ ፋንክሽን ስታሳልፉ ነው። ተከታታይ ቁጥሮች የሚያወጣውን ሴክ የሚባል ፋንክሽን እንይ። ስንት ቁጥር ይውጣ የሚለው ሌንግዝ አውት የሚባለው አርጊውመንቱ ዲፎልቱ ነል ስለሆነ ነል ብታሳልፉለት ችግር የለውም። በስንት በስንት ይሂድ የሚለው ባይ የሚባለው አርጊውመንት ግን መሰጠት አለመሰጠቱ የሚታየው ይሄንኑ በሚፈትሸው ሚሲንግ በሚባል ፋንክሽን ነው፤ ነል ስታሳልፉለት ሴክ «ተሰጥቶኛል» ብሎ ይይዘዋል፣ ከዚያ ርዝመቱ 1 መሆን አለበት ብሎ ኤረር ይሰጥና ይቆማል። እዚያው አንድ ፋንክሽን ውስጥ ሁለት አሠራር አለ ማለት ነው።

አንዱ መፍትሔ የእናንተም ፋንክሽን ላይ ባይን ያለ ዲፎልት ትቶ እንዳለ ወደ ሴክ ማሳለፍ ነው። ተጠቃሚው ካልሰጠ አለመሰጠቱም አብሮ ይወርዳል፣ ሚሲንግ ታች ድረስ ያየዋል። ይሄ ጥሩ ነው፣ ግን መሃል ላይ ባይ ውስጥ አንድ ዋጋ ከከተታችሁ በኋላ ሚሲንግ የሚላችሁን ማመን አትችሉም። ደግሞ ዲፎልት የሌለውን አርጊውመንት ያየ ሰው የግድ መሰጠት ያለበት ይመስለዋል።

እኔ የምመርጠው ሌላውን ነው። ዲፎልቱን ነል አድርጉት፣ የግድ የሚያስፈልጉትን አርጊውመንቶች ሊስት ውስጥ ሰብስቡ፣ ባይ ነል ካልሆነ ብቻ ሊስቱ ላይ ጨምሩት፣ ከዚያ ሊስቱን እንደ አርጊውመንት በሚያሳልፈው ዱ ኮል ሴክን ጥሩ። ሁለት ሦስት መስመር ይጨምራል፣ ግን ኮዱን በኋላ የሚያነብ ሰው ምን እንደታሰበ ወዲያው ይገባዋል። ብቻ በጅምላ ነል የሆነውን ሁሉ ከሊስቱ አታራግፉ፤ ነል ራሱ ትርጉም ያለው ትእዛዝ የሚሆንባቸው ፋንክሽኖች አሉ። የምትጠሩት ፋንክሽን የቱን እንደሚከተል ለማወቅ ስሙን ያለ ቅንፍ ኮንሶሉ ላይ ጻፉት፣ ኮዱን ያሳያችኋል። ለሴክ ግን ሴክ ነጥብ ዲፎልት ብላችሁ ነው የምትጽፉት፣ ሥራው ያለው እዚያ ነው።