በረኪና የበላው አሻራ

እ.ኤ.አ. በ2018 የግሪን ካርድ ማመልከቻዬን ሳስገባ እንቅልፍ የነሱኝ ፎርሙ፣ ክፍያውና የሐኪም ምርመራው ነበሩ፤ አሥሩ ጣቶቼ ጣጣ ያመጡብኛል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ጥገኝነቴ የተፈቀደልኝ በ2017 ስለነበር፣ ሕጉ የሚጠይቀው አንድ ዓመት እንደሞላ ፎርም አይ-485ን ሞልቼ፣ ለማመልከቻው 1,140፣ ለአሻራው 85፣ በድምሩ 1,225 ዶላር ከፍዬ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በፖስታ ላክሁ።

ስለ ፎቶው ብዙ የምለው የለኝም። አገር ቤት የለመድነው ሦስት በአራት ጉርድ ፎቶ እዚህ አያገለግልም፤ የተጠየቅሁት ጀርባው ነጭ የሆነ፣ ከተነሣ 30 ቀን ያላለፈው፣ ሁለት ኢንች በሁለት ኢንች የሆነ ፎቶ ነበር፤ አምስት ሴንቲ ሜትር በአምስት ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነጠላዬን እንደለበስኩ ስለተነሣሁ ትከሻዬ ከነጩ ግድግዳ ጋር ተዋሕዶ ጭንቅላቴ ብቻውን አየር ላይ የቀረ መስሎ ወጣ፤ በማግስቱ ጥቁር ሹራብ ለብሼ ሌላ ከፈልኩ። ከፎቶው ጀርባ ስምና የኤ-ቁጥር (ኢሚግሬሽን ለእያንዳንዱ ባለ ጉዳይ የሚሰጠው መለያ ቁጥር) ሲጻፍ በእርሳስ፣ ሳይጫኑ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ያልፋል።

የአሻራው ቀጠሮ ሲደርሰኝ ሆቴል ውስጥ ክፍል ማጽዳት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። የጎማ ጓንት ይሰጡናል፤ እኔ ግን አንሶላ ስወጥር ስለሚያዳልጠኝና በቀን የሚጠበቁብኝን ክፍሎች ለመጨረስ ስለምሯሯጥ አውልቄ ኪሴ ውስጥ እከተው ነበር። መታጠቢያ ቤቱን በባዶ እጄ በበረኪና እፈትጋለሁ፣ በሙቅ ውሃ እለቀልቃለሁ፣ ወደሚቀጥለው ክፍል እሄዳለሁ። በዚህ ጥፋት የምወቅሰው ራሴን እንጂ ሌላ ሰው አይደለም።

አሻራ የሚያነሣው ወጣት ትሑት ነበር። አራቱን ጣቶቼን አንድ ላይ በአሻራ ማንሻው መሣሪያ መስተዋት ላይ ካስቀመጠ በኋላ እያንዳንዱን ጣት ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ ማንከባለል ጀመረ። እኔ እየረዳሁት መስሎኝ ስጫን «እጅሽን ልቀቂው፣ አታግዢኝ» ይለኛል። አንገቴን ሰገግ አድርጌ ስክሪኑን አየሁት፤ የአውራ ጣቴ ምስል መሐሉ እንደ ወረቀት ነጭ ሆኖ፣ ጠርዙ ላይ ብቻ ሦስት አራት የተቆራረጡ መስመሮች ነበሩት። በእርጥብ ጨርቅ ጠረገልኝ፣ መስተዋቱን ወለወለ፣ ደገመ። በአምስተኛው ሙከራ «ይሄ ይላካል፣ እንግዲህ ያልፍ እንደሆን እናያለን» ብሎ አሰናበተኝ። መሣሪያው የሚያነበው የቆዳውን ሸንተረርና በመካከሉ ያለውን ስርጉድ ነው፤ ኬሚካል ሸንተረሩን ካሳሳው፣ ድርቀት ደግሞ ቆዳውን ካሻከረው፣ ጣቱ መስተዋቱን ቢነካም የሚነበብ ነገር አይተውም። አያቴ ፊደል ስላልቆጠረች የቀበሌ ወረቀት ላይ በአውራ ጣቷ ትፈርም ነበር፤ ዕድሜ ልኳን አረም ያረመችበት ጣት ቀለም ሲነካው ቁልጭ ብሎ ነው የሚወጣው።

ከሳምንታት በኋላ፣ በአሻራ የወንጀል መዝገብ የሚያጣራው ኤፍ ቢ አይ አሻራዬን ማንበብ እንዳልቻለና ሁለተኛ ቀጠሮ እንደተያዘልኝ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። እጄን ምን እንዳደርገው አንድም ቃል አይልም። ደብዳቤው ዝም ሲል ምክር የሚመጣው ከሰው ነው፤ አንዷ ሎሚ እሺው አለችኝ፣ ሌላዋ በቀጠሮው ጠዋት ቅቤ ቀቢው። ሁለቱንም አደረግሁ። ሎሚው የባሰ አደረቀኝ፤ ቅቤው ደግሞ መስተዋቱን አጨማልቆ የተረፉትን መስመሮች ሸፈናቸው። አብራን የምትሠራ እትዬ የምንላት ሴት የሆነውን ስነግራት «እጅሽን ለበረኪና ሰጥተሽ ጨርሰሽ ለአሜሪካ ምን ቀረሽ?» ብላ ሳቀች። ዋናው ስሕተቴ ግን በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል አንድም ቀን ከሥራ አለመቅረቴ ነው። ቆዳ የሚታደሰው በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ነው፤ ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ጠይቄ ወደፊት ማስገፋት ስችል፣ «ቀጠሮ ያስቀየረ ፋይሉ ይዘጋበታል» የሚለውን ወሬ ፈርቼ ተውኩት። ፋይል የሚያዘጋው ሳይጠይቁ መቅረት ነው።

ሁለተኛውም ውድቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ባለፉት አምስት ዓመታት ከኖሩበት አካባቢ ሁሉ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚገልጽ የፖሊስ ወረቀት ነው። እስካሁን የሚያበሳጨኝ እዚህ ላይ ነው። ለጥገኝነት በ2014 የሰጠሁት፣ በረኪና ያልነካው ጥርት ያለ አሻራ እጃቸው ላይ አለ፤ የማጣሪያው ውጤት ግን የሚያገለግለው ለ15 ወር ብቻ ስለሆነ እንደ አዲስ መነሣት ነበረብኝ። የሰው ጣት በ15 ወር ይለወጣል እንዴ? የሚለወጠው በመሐል የተሠራ ወንጀል ካለ እሱ ነው፤ ይህ ይገባኛል፤ ሆኖም የድሮውን አሻራ አውጥቶ እንደገና ማስጠየቅ ለምን እንደማይቻል የጠየቅሁት ሠራተኛ ያነበበልኝ ያንኑ በእጄ የያዝኩትን ደብዳቤ ነበር።

በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ኮሎራዶ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ኖሬያለሁ። ሜሪላንድ ላይ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ፤ አድራሻዬ ሲልቨር ስፕሪንግ ስለሚል የሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ፖሊስን ስፈልግ ሁለት ቀን አጠፋሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ የራሱ ከተማ አስተዳደር የለውም፤ ፖሊሱ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ አጠገቡ ያለው ታኮማ ፓርክ ደግሞ የራሱ ፖሊስ አለው። ስለዚህ በፖስታ አድራሻችሁ አትመኑ፣ የቤት ቁጥራችሁን ነግራችሁ የማን ክልል እንደሆነ ጠይቁ። ከሦስቱ አንዱ ጽሕፈት ቤት ወረቀቱን ለመስጠት አሻራ ጠየቀኝ፤ የመጣሁት አሻራ ስለሌለኝ ነው ብዬ ባስረዳም የተቀመጠችው ሴትዮ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ አለቃዋን አስጠርቼ ነው በስምና በትውልድ ቀን የተጣራልኝ። ሌላው ወረቀት የአባቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ፣ የአያቴን ስም ጨርሶ ትቶ መጣ። በፎርሙ ላይ የመጨረሻ ስሜ የአያቴ ስም ስለሆነ ያ ወረቀት የሌላ ሰው ማለት ነው፤ ለማስተካከል ሌላ ሦስት ሳምንት ሄደ። መስኮቱን ለቃችሁ ሳትወጡ ስማችሁን ፊደል በፊደል አንብቡ።

መሥሪያ ቤቱ የፖሊስ ወረቀት ሰብስቡ የሚለው ሁለተኛው አሻራ ከወደቀ በኋላ ነው። እኔ ግን የመጀመሪያው እንደወደቀ በማግስቱ ጀምሩ እላለሁ። ሁለተኛው ካለፈ የምትከስሩት ጥቂት ዶላር ነው፤ ካላለፈ እኔ ያጣኋቸውን አራት ወራት ታተርፋላችሁ።

ግሪን ካርዱ በ2019 መጣ። ለዜግነት ሳመለክት የአሻራ ቀጠሮው እስኪደርስ አልጠበቅሁም፤ ማመልከቻውን ካስገባሁበት ቀን ጀምሮ በሥራ ላይ ጓንቴን አላወለቅሁም፣ ማታ ማታ እጄን ቫዝሊን ቀብቼ የጥጥ ጓንት አጥልቄ እተኛ ነበር፣ ከቀጠሮው በፊት ያለውን ሳምንት ፈቃድ ወሰድኩ። በቀጠሮው ጠዋት እጄን በለብታ ውሃ ብቻ ታጥቤ፣ ምንም ሳልቀባ ሄድኩ። ጣቶቼን የያዘችው ሴት ሥራዬን ጠየቀችኝና ስነግራት «ገምቼ ነበር» አለች። ስምንቱ ጣቶቼ በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ፤ ሁለቱ አውራ ጣቶቼ ሦስት ሦስት ጊዜ ፈጁ።