ሚዛኑ ላይ ያየሁት

የድጋፍ ደብዳቤ ይጻፉልኝ ብሎ ቢሮዬ ለሚመጣ ሰው ወዲያው አልጽፍም። መጀመሪያ የሚሠራበት ቦታ ሄጄ አየዋለሁ። እሁድ እሁድማ ሁላችንም ደህና ነን። ሰው የሚታወቀው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ደክሞት፣ ደንበኛ ሲጮህበት ነው።

ይሄኛው ልጅ ሰፈር ውስጥ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ መግባት ፈልጓል። «ፓስተር፣ ዱቄት ውስጥ ዕድሜዬን ከምጨርስ ጌታን ላገልግል» አለኝ። ከልቡ ነው የተናገረው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ጌታ ከወፍጮ ቤቱ ውጭ ብቻ የሚገኝ መስሎት መቸገሩ ነው።

ሄድኩ። ወፍጮ ቤት ውስጥ ወሬ የለም። ሞተሩ ሲጮህ ሰው የሚግባባው በእጁ ነው። ልጁ አፉን በሻርፕ አስሯል፤ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። ጥግ ላይ ወንበር ሰጠኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። የአንዱ ሽሮ ተፈጭቶ የሌላው ጤፍ ከመግባቱ በፊት ወፍጮውን ያቆማል። ውስጥ የቀረውን በአጭር መጥረጊያ እየጠረገ ያወጣና የእህሉ ባለቤት ማዳበሪያ ውስጥ ይጨምረዋል። እፍኝ አይሞላም። ሰዉ ተሰልፎ እየጠበቀ፣ «ቶሎ በል እንጂ!» እየተባለ፣ እሱ ግን እያንዳንዱ ላይ እንደዚያ ያደርጋል።

በመሀል አንዲት እናት ጤፍ በተሸካሚ አስይዘው መጡ። ልጁ ሚዛን ላይ ጫነው። ቁጥሩን አየና ዝም አለ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋ።

«እማማ፣ ስንት ኪሎ ነው ብለው የሸጡልዎት?»

«25 ነው ያሉኝ፣ ልጄ። ምነው?»

ማዳበሪያውን አወረደና ባዶውን ሚዛን አሳያቸው። ዜሮ። መልሶ ጫነው። 23 ተኩል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከወዲያ ሆነው «አንተ፣ ምን አገባህ? ፍጭና ስጣቸው» አሉት። ነገሩ ይገባኛል። ጤፉ የተገዛው ከፊት ለፊት ካለው እህል ቤት ነው። እህል ቤቱ ደግሞ ደንበኛ የሚልክላቸው ጎረቤት ነው። ልጁ ድምፁን ሳያነሳ «ጋሼ፣ ዝም ብዬ ብፈጨው ቤት ሄደው ሲመዝኑት ሌባው እኔ ነኝ። እኔ ባልባልም እሳቸው መጎዳታቸው ነው» አላቸው። ማዳበሪያውን ራሱ ተሸክሞ መንገዱን ተሻገረ። እኔም ተከተልኩ።

ባለ እህል ቤቱ የኛው ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። በልግስናው እናውቀዋለን። እኔን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። መጀመሪያ ሚዛኑ አርጅቷል አለ። እናትየው ዝም ብለው ሲያዩት ደግሞ ወደኔ ጠጋ ብሎ «ፓስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ገበያ ገበያ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» አለኝ።

«ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለው ዘሌዋውያን 19 ውስጥ ነው፤ እዚያው ምዕራፍ ላይ ዝቅ ብሎ ደግሞ የእውነት ሚዛን ይሁንላችሁ ይላል። እሱን ነገርኩት። ያንን ቃል ብዙ ጊዜ ሰምቶታል። ከሱቁ ጋር አገናኝቶ የነገረው ግን ያለ አይመስለኝም። ትንሽ ቆየና የጎደለውን ኪሎ ተኩል ሰፍሮ ጨመረ። እናትየው መርቀውት ወጡ። የቀረውን ሰው ፊት አላወራነውም። ማታ ቤቱ ሄጄ ለረጅም ሰዓት ተነጋገርን። አሁን አዲስ ሚዛን ገዝቷል። የበፊት ደንበኞቹን እንዴት እንደሚክስ አሁንም እየተመካከርን ነው።

«ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» የሚለው አነጋገር ከየት መጣ? በደርግ ጊዜ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ መድረክም ማይክም አልነበረም። አምልኮው በየቤቱ በድብቅ ሆነ። የዚያ ዘመን ሽማግሌዎች ሲያወሩ ከስብከት ይልቅ የሚያነሱት የሥራ ቦታ ነው፤ እገሌ ጉቦ አልነካም፣ እገሊት የሐሰት ሪፖርት አልፈርምም ብላ ከሥራ ተባረረች ይላሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሳሉ፣ በ1964 ዓ.ም.፣ በውጭ ላሉ አጋሮቿ ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ተከፍሎ አይገለገልም፣ ወንጌሉም ልማቱም ለአንዱ ለሙሉው ሰው ነው ብላ ጽፋ ነበር። ቄስ ጉዲና በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በደርግ ተገደሉ። ሕይወት የተከፈለበት አሳብ ነው። እኛ ግን ሕንፃው ሲሰፋልን፣ ድምፅ ማጉያው ሲያምርልን፣ እምነትን እዚያው ውስጥ ቆልፈንበት እንሄዳለን። ይሄ ያመኛል።

ማታ ከልጁ ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ዘጸአት 31ን ከፍተን አነበብን። የእግዚአብሔር መንፈስ ሞላበት የተባለለት ባስልኤል ካህን አይደለም። ወርቅና ብር የሚያንጥ፣ ድንጋይና እንጨት የሚቀርጽ የእጅ ባለሙያ ነው። ልጁ ደጋግሞ አነበበውና «ታዲያ አልማር ማለትዎ ነው?» አለኝ። «ተማር፤ ዱቄቱን ግን እንደ እስር ቤት ሸሽተኸው አትውጣ» አልኩት። ደብዳቤውን ጻፍኩለት። የመዘምራን አባልነቱን ባንድ መስመር አለፍኩት። ስለ ሚዛኑ ግን አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩ። አሁን ማታ ማታ ይማራል፤ ቀን ቀን ወፍጮው ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በኛ ቤተ ክርስቲያን እሁድ ላይ ለባለሙያዎች በየተራ ቆመን እንጸልያለን። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ለመምህራን፣ ሐምሌ ላይ ግብር ሲደርስ ለነጋዴዎችና ለሒሳብ ሠራተኞች። ከመጸለያችን በፊት አንድ ሰው ይወጣና ሥራው ላይ የሚፈትነውን በግልጽ ይናገራል። አንዷ ነርስ የሌሊት ተራዋን ስትነግረን ብዙ ሰው አልቅሷል። ባለፈው ደግሞ አንድ የሚኒባስ ረዳት በር ላይ ጠብቆ «ፓስተር፣ የኛ ተራ መቼ ነው? መልስ አለመመለስ እኮ የየቀኑ ፈተናችን ነው» አለኝ። ጥቅምት ላይ ይዘንላቸዋል። የሚናገረውም እሱ ራሱ ነው።