የተኮማተረ የአየር ቧንቧ ጡንቻ ሲሳብ

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ላብራቶሪ ውስጥ ከቄራ ከመጣ የበሬ ትራኪያ (ዋናው የአየር ቧንቧ) ጋር ነበርኩ። ከጀርባው በኩል ያለችውን ቀጭን ለስላሳ ጡንቻ ለይተን በክር አሰርናትና 37 ዲግሪ በሞቀ የጨው ውሃ ውስጥ ሰቀልናት፣ ኦክስጅንም ከስር እየተለቀቀላት ነው። አሴቲልኮሊን፣ ማለትም ነርቭ ይህችን ጡንቻ ተኮማተሪ የሚልበትን ኬሚካል፣ ጠብ ስናደርግባት መኮማተር ጀመረች። ስክሪኑ ላይ ጉልበቷን የሚያሳየው መስመር ወደ ላይ ወጣ።

ደስ ያለኝ ከዛ በኋላ ያየሁት ነው። የተኮማተረችውን ጡንቻ በትንፋሽ ጊዜ እንደምትለጠጠው ሳብ መለስ፣ ሳብ መለስ ስናደርጋት ጉልበቷ ወረደ። ያለ ምንም መድኃኒት፣ በመሳብ ብቻ! ጡንቻን የሚያኮማትሩትን ሁለት ፕሮቲኖች፣ አክቲንና ማዮሲንን፣ የሚያያይዙት ድልድዮች ሲሳቡ ይላቀቃሉ። ዝም ብለው ከተዋት ደግሞ መልሳ ትጠነክራለች።

ጤነኛ ሰው ሳያስበው በየመሃሉ በረጅሙ ሲተነፍስ ቧንቧዎቹን እንዲህ እየለጠጠ ያላላቸዋል። አስም ያለበት ሰው ግን በጥልቀት ቢስብም ይሄ በደንብ አይሰራለትም፣ እንደውም አንዳንዴ ይብስበታል። የቧንቧው የውስጥ ዲያሜትር (ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ያለው ርቀት) በግማሽ ሲጠብ ደግሞ፣ አየሩ በተረጋጋ ሁኔታ የሚፈስ ከሆነ፣ የሚገጥመው እንቅፋት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ነው የሚሆነው።

ለዚህ ነው አስም የተነሳበትን ሰው «በደንብ ተንፍስ እንጂ!» ሲሉት የሚያናድደኝ። ሰውየው መተንፈስ ጠፍቶት አይደለም፣ ጡንቻው አልለቅም ብሎት ነው። ባካችሁ ሳልቡታሞሉን (ጡንቻውን የሚያላላውን የሚሳብ መድኃኒት) ቶሎ አቀብሉት፣ ቀና ብሎ ይቀመጥ፣ ካልተሻለው ሳትዘገዩ ሐኪም ቤት አድርሱት።