የድሬ አውሮፕላን በማን ሰዓት ይነሳል?

የከዚራን ጥላ ለቀን ስንወጣ የባጃጁ ልጅ ሸራውን ጠቅልሎ ሰቀለው። ምንም ለውጥ የለም። ከሰዓት በኋላ የድሬ ነፋስ የምድጃ አፍ ነው። «አቦ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ይበርድሃል» ብሎ አጽናናኝ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ እኔ ደስ ይለኛል።

አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ። ስሙ ከሕንፃው ይረዝማል። መታሰቢያነቱ ለራስ መኮንን ልጅ ነው።

ሰልፉ ላይ ከፊቴ የቆመው ሰው እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን በሚሉት ገበያ ሱቅ አለው። ቻይና፣ ጓንዡ ዕቃ ሊያመጣ ነው። ትልቁን ሻንጣ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ ሚዛኑ ላይ ጣል አደረገው። ውስጡ ሌላ ባዶ ሻንጣ አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ እዚያ ላሉ የድሬ ልጆች የያዘው ሙሸበክ፣ የድሬ ጣፋጭ። ዘይቱ ካርቶኑን አልፎ ፌስታሉን አወርዝቶታል። ሠራተኛዋ ሻንጣው ላይ ያሰረችውን ወረቀት አየሁት፤ ጓንዡ በትልቁ፣ አዲስ አበባ በትንሹ ታትሟል። አዲስ አበቤ ነኝና ትንሽ ከነከነኝ።

«አዲስ አበባን የማውቃት በሌሊት ነው፤ እሱም በመስታወት» አለኝ እየሳቀ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ቦሌ ቀኑን ሙሉ እኩል አይሠራም። አንዴ ይጎርፋል፣ አንዴ ጭር ይላል። ማታ ከአፍሪካ ከተሞች የተነሱ አውሮፕላኖች ተከታትለው ያርፋሉ። መንገደኛው ይደባለቃል። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት አለፍ ሲል ወደ አውሮፓ፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅና ወደ እስያ ይበተናል። ጠዋት ደግሞ ተገልብጦ ይደገማል፤ ከዚያ የመጡት ንጋት ላይ ያርፉና ረፋዱ ላይ ወደ አፍሪካ ይወጣሉ። ከድሬዳዋ ብቻ ጓንዡ የሚሄድ አውሮፕላን የሚሞላ ሰው የለም። ከሉሳካ፣ ከኪንሻሳ፣ ከአክራና ከድሬ ሲሰባሰብ ግን ይሞላል። ስለዚህ የእኛ አውሮፕላን መጋቢ ነው። የሚነሳበትን ሰዓት ሲወስኑ የቦሌን ሌሊት ያያሉ እንጂ የድሬን ሙቀት አይደለም።

ጣጣውም ከዚሁ ይመጣል። አንዱ መጋቢ ከዘገየ ትልቁ ጠብቆ ሌሎቹን ያስረፍድ ወይስ ጥሎ ይሂድ? ሰውየውስ ሮጦ ይደርስ ይሆናል። ሻንጣው ግን ወርዶ፣ ተለይቶ፣ ሌላ አውሮፕላን ሆድ ውስጥ መግባት አለበት። እሱ አይሮጥም።

ድሬ ይህን ጨዋታ ከቦሌ በፊት ታውቀዋለች። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ነበር። ግን ሐረር ከላይ ናት፤ ዳገቱ ለሐዲድ አስቸገረ። ባቡሩ ከታች ቀረና ከተማ በቀለ። አዲስ ሐረር ይሏት ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። እስከዚያ ድሬ ላይ ነበር ዕቃው ከባቡር ወርዶ በግመልና በበቅሎ የሚጫነው። ከዳገት የተነሳ የተወለደች መናኸሪያ ማለት ናት።

ቦሌንም የሚያስቸግረው ከፍታው ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ መነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው የዋሽንግተኑ በረራ ለዓመታት ደብሊን ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲሞላ የኖረው። ሲመለስ ግን ቀጥታ ነበር። ሌላው ችግር ቦታ ነው። ድሮ ሜዳው ልደታ ነበር። ጄት ሲመጣ አልበቃ አለና ቦሌ ተሠራ፤ ያኔ ቦሌ ዳር ነበር። ከተማው ሄዶ ከበበው። በጥር 2011 ዓ.ም. የተመረቀው ማስፋፊያ ተርሚናሉን በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲችል አድርጎታል። ሕንፃ ይጨመራል፤ ማኮብኮቢያ የሚዘረጋበት መሬት ግን አይጨመርም። ስለዚህ ጉዞው ወደ አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደ ቢሾፍቱ፣ አቡሴራ ሆነ። እዚያ የታቀደው አራት ማኮብኮቢያ ነው፤ ተሠርቶ ሲያልቅ በዓመት 110 ሚሊዮን ሰው። ከቦሌ ደግሞ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሕንፃው ስፋት ይልቅ ይህቺ 400 ሜትር ትበልጥብኛለች።

ይህን ሁሉ ለነጋዴው ስደሰኩርለት ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ግንባሩን በመሐረብ ጠረገ።

«ቆይ፣ ቻይናውን ከቢሾፍቱ አስነስተው የድሬውን ቦሌ ካሳረፉትስ? 40 ኪሎ ሜትር በማታ፣ በዚያ መንገድ? ለኔ ሁለቱ አንድ ግቢ ይሁኑልኝ እንጂ ከፈለጉ ዳሎል ይሥሩት።»

ማይክሮፎኑ ጠራን። ሰልፉ ወደ ፀሐዩ ወጣ።