ለድፍርስ ውኃ የሚሆን ካሜራ፦ በጅማ ዙሪያ ከውኃ ሥር ቪዲዮ ለመቅረጽ

ስለ ውኃ ውስጥ ቪዲዮ የሚሰጠው ምክር አብዛኛው ለባሕር የታሰበ ነው። ጥርት ባለ ሰማያዊ ባሕር ውስጥ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ቀለም ስለሆነ ሌንሱ ላይ ቀይ ፊልተር ይገጠማል። በጅማ ዙሪያ ያለው የቦዬና የግልገል ጊቤ ውኃ ጠባዩ ሌላ ነው። ደለሉና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ቀለም ከሁሉ በፊት የሚውጠው ሰማያዊውን ነው፤ ምስሉም ወደ ቡናማና አረንጓዴ ያደላል። እዚህ ቀይ ፊልተር መግጠም ድሮም ያነሰውን ብርሃን የባሰ መቀነስ ነው። ገንዘባችሁን አታውጡበት።

ካሜራ ከመንካታችሁ በፊት ውኃውን ለኩ። ነጭ ሳህን ከድንጋይ ጋር በገመድ አስራችሁ አውርዱና ከዓይን የተሰወረበትን ጥልቀት ገመዱ ላይ ምልክት አድርጉ። ከግማሽ ሜትር ካነሰ ወደ ቤት ተመለሱ። አንድ ሜትር ተኩል ከሆነ፣ ጥሩ ምስል የምታገኙት ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ድረስ ካለው ነገር ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደለሉ ይረጋል፤ ክረምቱን መልፋት ዋጋ የለውም። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከቀኑ 9 ባለው ጊዜ ቅረጹ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙው ብርሃን የውኃውን ገጽ ነክቶ ይመለሳል።

ዋናው ነገር ቅርበት ስለሆነ ዙም አያስፈልግም፤ ሰፊ ሌንስ ነው የሚፈለገው። በጠፍጣፋ መስታወት በኩል ሲታይ ውኃ ነገሩን በሲሶ ያህል ያገዝፈዋል፤ 25 ሚሊ ሜትር ሌንስ ውኃ ውስጥ እንደ 33 ይሆናል። የኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያው ሲከፈት ደግሞ ጠርዙ ይቆረጣል፤ ዝጉት። ኦሊምፐስ ቲጂ-6 ያለ ተጨማሪ ውኃ መከላከያ ሳጥን እስከ 15 ሜትር ይጠልቃል፤ ለእኛ ውኃ ከበቂ በላይ ነው። 4ኬ (ከፍተኛው የቪዲዮ ጥራት) ደለሉን አጥርቶ ያሳያችኋል እንጂ ዓሣውን አያቀርብላችሁም። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት የሚጽፍ ካሜራ በደቂቃ 750 ሜጋባይት ይፈጃል፤ ዝቅ ያለው የ1080 ጥራት ይበቃል።

በሴኮንድ 25 ፍሬም፣ ሹተር (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ሴኮንድ፣ የአይኤስኦው (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ጣሪያ 800 ይሁን። ትንሽ ሴንሰር ከዚያ በላይ ሲሄድ ምስሉ ይሻክራል፤ በድፍርስ ውኃ ላይ ደግሞ ሻካራው ከደለሉ ጋር ይቀላቀላል። 25 ፍሬም የመረጥነው የመብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ነው፤ ቤት ውስጥ በገንዳ ስትሞክሩ አምፖሉ ምስሉ ላይ ብልጭ ድርግም አይልባችሁም።

ብዙ ቪዲዮ የሚበላሸው በፎከስ ነው። ራሱ ፎከስ እንዲፈልግ የተተወ ካሜራ በሌንሱ ፊት የሚያልፈውን ብናኝ ሁሉ ሲያሳድድ ይውላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ከካሜራው 35 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚቆም ቀጭን እንጨት ጫፉ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ክዳን እሰሩበት። ጥልቅ ባልዲ በዚያው ውኃ ሙሉና ካሜራውንም ክዳኑንም አስገብታችሁ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በክዳኑ ውሰዱ፤ ፎከሱንም እዚያው ቆልፉ። ከዚያ እንጨቱን ፍቱ። ጥልቀቱ ወይም ደመናው ሲለወጥ ዋይት ባላንሱን እንደገና ውሰዱ።

ውኃ ውስጥ አትግቡ። ቦዬ ጉማሬ አለ፤ በጅማ ዙሪያ ባሉ ወንዞችም ቢልሃርዝያ አለ። ሦስት ሜትር የሚሆን ደረቅ ቀርከሃ ጫፉ ላይ የትራይፖድ ብሎን አስገጥማችሁ ካሜራውን በዚያ አውርዱት፤ ጉማሬ ከታየ ግን ዳር መቆምም አያዋጣም። ብሎኑ ስለሚላላ ካሜራውን በተጨማሪ በናይለን ገመድ እሰሩት። ዋይፋይ ውኃ ውስጥ ከጥቂት ሴንቲ ሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ በስልክ አስጀምራለሁ አትበሉ፤ ሪከርድ ተጭናችሁ ነው የምታወርዱት። ጭቃ እንዳይነሳ ቀስ አድርጉ፤ ካሜራው ካረፈ በኋላ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አታንቀሳቅሱት። ቆሮሶ ዓሣ የሚመለሰው ውኃው ሲረጋ ነው።

መብራት? ሌንሱ አጠገብ ከተገጠመ እንደ መኪና መብራት በጉም ውስጥ ነው፤ የሚያበራው ብናኙን ብቻ ነው። የግድ ካስፈለገ ግራና ቀኝ 25 ሴንቲ ሜትር አርቁት፣ ፊቱንም ትንሽ ወደ ውጭ አዙሩት። ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ጥልቀት ግን ያለ መብራት ይሻላል።

ሳጥን የምትጠቀሙ ከሆነ ውኃ የሚያስገባው አብዛኛውን ጊዜ ኦሪንጉ (ሳጥኑን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ላይ የተጋደመ አንድ ፀጉር ወይም የአሸዋ ቅንጣት ነው። ኦሪንጉን አውጡ፣ በጣት እየዳሰሳችሁ ጥረጉ፣ የሲሊኮን ግሪስ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ሲበዛ ቆሻሻ ይሰበስባል። ባዶውን ሳጥን ሶፍት አስገብታችሁ ባልዲ ውስጥ በድንጋይ አስጥማችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት፤ ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ካሜራው ይግባ። መስታወቱ ከውስጥ ጉም የሚይዘው ሳጥኑ በእርጥብ አየር ውስጥ ሲዘጋ ነውና ደረቅ ክፍል ውስጥ ዝጉት። ከጫማ ካርቶን የሚወጡት እርጥበት መጣጭ ከረጢቶችም ይረዳሉ፤ ግን ቀድመው የጠገቡ ከሆኑ ፍሬዎቹን አውጥታችሁ ለምግብ በማይውል መጥበሻ በዝግታ አድርቋቸው። ስትጨርሱ ሳጥኑን ሳትከፍቱ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ዘፍዝፉትና ቁልፎቹን ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ደለሉ የሚሸሸገው ከእነሱ ሥር ነው።