አርባ ቀን ጳጉሜ

ኩሽና መስኮቴ ላይ፣ ከእጣን ማጨሻው አጠገብ፣ እንቁላል የምታክል ግራጫ ድንጋይ አለች። እንግዳ ሲመጣ "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" ይለኛል። ውሃ ጠብ አደርግባታለሁ። ያኔ ጉዷ ይወጣል።

ያገኘናት ባለፈው ክረምት ነው። ከዲትሮይት አራት ሰዓት ያህል ነድተን ፔቶስኪ የምትባል ከተማ ገባን። ሚሺጋን ሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ነው የሚሄደው፤ ቀለበት የጠፋበት ይመስላል። ልጄ ይቺን አነሳና ወዲያው ወረወራት። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ አንስተው እንትፍ አሉባት። (እኛ አገር ቢሆን ምርቃት ነበር።) በአውራ ጣታቸው አሸት ሲያደርጓት ስድስት ማዕዘን ያላቸው ቅርጾች ብቅ አሉ። እርስ በርስ ጥብቅ ብለዋል፣ የማር እንጀራ በሉት። መሃላቸው ጠቆር ያለ ነጥብ፣ ከነጥቡ ዙሪያ እንደ ፀሐይ ጨረር የሚወጡ ቀጫጭን ጭረቶች። ደረቅ ስትሆን ግን ምንም አይታይም።

እያንዳንዱ ቅርጽ የአንድ ኮራል፣ ማለትም የአንዲት ትንሽ የባሕር እንስሳ፣ ቤት ነበር። ከ350 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖታል። ያኔ ይሄ በረዶ ስንዝቅ የምንከርምበት ሚሺጋን ከምድር ወገብ በታች ያለ ሞቃት ባሕር ነበር! ወገናቸው ከ252 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በደረሰው ታላቅ እልቂት አለቀ። የዛሬዎቹ ኮራሎች ሌላ ዘር ናቸው።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የቅሪተ አካል ተመራማሪው የጆን ዌልስ ነገር ነው። ሰውዬው በ1963 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የእነዚሁን ዘመዶች ቅርፊት ይዞ መስመር ቆጠረ። ኮራል በየቀኑ ፀጉር የምታክል መስመር፣ በየዓመቱ ደግሞ ወፈር ያለ ቀለበት ይጨምራል። በሁለት ቀለበት መካከል ወደ 400 መስመር አገኘ፤ ዓመቱ ወደ 400 ቀን ነበረው ማለት ነው። ምድር ያኔ ፈጠን ብላ ነበር የምትሽከረከረው፤ ቀኑ ወደ 22 ሰዓት ነው። የጨረቃ ስበት ነው ቀስ በቀስ ፍሬን የያዘባት።

እኔም አጉሊ መነጽር ገዝቼ ልቆጥር ተቀመጥኩ። ወፍ የለም። የኔዋን በረዶና ማዕበል ልጧታል፣ ቅርፊት የላትም። በብሽቀት አንድ ጎኗን ሦስት ማታ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኳት።

ልጄ በበኩሉ ሒሳቡን ሠራ። አሥራ ሁለት ወር በሠላሳ 360፣ የቀረው 40።

"እማዬ፣ ጳጉሜ አርባ ቀን ነበረች ማለት ነው?"

አባቱ ከሳሎን ሆኖ፣ "ያውም ያለ ደሞዝ!" አለ።